ሰባት ቁጥር ሰደርያ

ሐሙስ ዕለት አሥራ ሁለት ሰው ተጠራ፤ አሥራ ሁለት ሰው መጣ፤ የጋሼ አሰፋ እግር ግን ተበላሸ።

ነገሩ ይኸው ነው። ሐምሌን ሙሉ ውኃ ሲጠጣ የከረመው የጓሮ ካብ ረፋዱ ላይ ተናደና ጋሼ አሰፋን ከነጃንጥላቸው ድንጋይ አለበሳቸው። «ቅርብ ደራሽ» ለሚባለው ማኅበር በጎ ፈቃደኞች ተደወለ። እነሱም በአሥራ አንድ ደቂቃ ውስጥ፣ ያውም በዚያ ዝናብ፣ ብርቱካናማ ሰደርያቸውን አጥልቀው ከነቃሬዛቸው ከች አሉ። ድንጋዩን አነሡ። ከድንጋዩ ቀጥሎ ሰውየውን አነሡ። ቅልጥማቸው ለሁለት የተሰበረው ሽማግሌ፣ እግራቸው በእንጨት ሳይደገፍ፣ በፋሻ ሳይታሰር፣ በብብታቸውና በጉልበታቸው ተይዘው ብድግ ተደረጉ። ቃሬዛው ባጃጅ ውስጥ አልገባ ሲል ደግሞ እንደ ጤነኛ ተሳፋሪ ተቀመጡ። ሆስፒታል ሲደርሱ አጥንቱ ቆዳውን ቀዶ ወጥቶ ነበር። የዚያኑ ዕለት ወደ ጅማ ተላኩ።

ዱሬቲ የዚህ ማኅበር አስተባባሪ ናት። ሃያ ስድስት ዓመቷ ነው፤ የኅብረተሰብ ጤና ተመራቂ፣ የሁሩሙ ልጅ፣ መቱ ከገባች ገና ስድስት ወሯ። ካቡ ሲናድ እሷ ሁሩሙ ነበረች፤ እዚያም እንዲሁ ሊቋቋም ለታሰበው ቡድን ሰው ስትመዘግብ። ሚኒባስ ጠብቃ፣ ጭቃ አቋርጣ ስትመለስ ሁሉም ነገር አልቋል። የጠበቃት የስም መጥሪያው ወረቀት ብቻ ነው፦ አሥራ ሁለት ስም፣ አሥራ ሁለት ምልክት፣ የቀረ የለም። ቆመው ያዩትን ጎረቤቶች ስትጠይቅ ደግሞ ሁሉም ያሉት አንድ ነገር ነበር።

«በብብታቸው ገብቶ ብድግ ያደረጋቸው ሰባት ቁጥር ነው።»

በወረቀቱ ላይ ሰባት ቁጥር ጅራታ ነው። ሁለት ቀን ሙሉ ዱሬቲ ያንን ስም እያየች አንድ ጥያቄ ስታላምጥ ከረመች። የሦስት ቀን ሥልጠና የወሰደ፣ ከሦስቱ አንዱን ቀን ሙሉ ስለ አጥንት ብቻ የተማረ ሰው እንዴት እንዲህ ያደርጋል? የሰከረ ነው? የደነገጠ ነው? ወይስ አስተማሪዎቹ እኛ ነን የማንረባው?

ቅዳሜ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ ጅራታ ራሱ መጣ።

ቢሮዋ ቀበሌው ግቢ ውስጥ ያለች አንዲት ክፍል ናት። ክረምት ሲገባ የበሩ እንጨት አብጦ ከሰኔ ወዲህ ገጥሞ አያውቅም፤ ሁልጊዜ ስንዝር ያህል ተከፍቶ ስለሚውል ያለፈ ያገደመ ሁሉ አንገቱን አስግጎ ያያል። ጅራታ ግን አንገቱን አላሰገገም፤ በሩን በርግዶ ገባ። ፀጉሩን ተስተካክሏል። በዚያ ጭቃ ጫማው እንዴት እንዳብረቀረቀ እሱ ያውቃል።

«ዱሬቲ፣ አካም ቡልቴ? እንዴት አደርሽ? አለፍኩ!» አለና ጠረጴዛው ላይ ሁለት ወረቀት ዘረጋ።

አንዱ ደብዳቤ ነው። ቡሬ ያለ አንድ ጤና ጣቢያ የአምቡላንስ ረዳት አድርጎ ሊቀጥረው ፈተናውን ማለፉን ይገልጻል። ሁለተኛው በአፋን ኦሮሞ የተዘጋጀ ቅጽ ነው፤ ተፈታኙ የሦስት ቀን የመጀመሪያ ዕርዳታ ሥልጠና በአካል ተገኝቶ መጨረሱን አሠልጣኙ በፊርማ እንዲያረጋግጥ ይጠይቃል።

«የሚቀረኝ ያንቺ ፊርማ ብቻ ነው» አለ። «የቡሬው መኪና ስምንት ሰዓት ይወጣል። ሰኞ ሥራ እጀምራለሁ። ሰኞ ካልተገኘሁ ተጠባባቂውን ያስገባሉ።»

ዱሬቲ ቅጹን አልነካችም። ጅራታ ኮሌጅ ከጨረሰ አራት ዓመቱ ነው። በነዚያ አራት ዓመታት ቡና ለቅሟል፣ ባጃጅ ነድቷል፣ ሲሚንቶ አራግፏል፤ የወር ደመወዝ የሚባል ነገር ግን በዓይኑ አላየም። ሚስት ሲያገባ እንኳ ከእናቱ ቤት መውጣት አልቻለም። ይህን ሁሉ ታውቃለች። ይህን እያወቀች መናደዷ ይበልጥ አናደዳት።

«ምን አግኝተህ ነው የምትስቀው?»

«ሥራ ነዋ!»

«ጋሼ አሰፋን ማነው ያነሣቸው?»

ፈገግታው ፊቱ ላይ እንዳለ ደረቀ። «ሲያወሩ ሰማሁ። አሳዘኑኝ።»

«ሰባት ቁጥር ነው ያነሣቸው።»

«አዎ፣ እኛ ነን።»

«እኛ ማለት?»

«እኛ ቤት።»

«ስለ ቤት አልጠየቅሁህም። አንተን ነው። ለምን ሳታስር አነሣህ?»

ጅራታ ሌላ ሰው ገብቶ እንደሆነ ዞር ብሎ ከኋላው አየ። «እኔ? እኔ ሐሙስ ቡሬ ነበርኩ እኮ። ፈተና ላይ። ደብዳቤው ላይ ቀኑ አለ፤ እይው።»

አየችው። ቀኑ ሐሙስ ነው። ከመሳቢያዋ የስም መጥሪያውን አወጣችና ከደብዳቤው ጎን አስቀመጠችው። በአንዱ ወረቀት ጅራታ ሐሙስ ረፋድ ላይ ቡሬ ተፈትኗል። በሌላው ሐሙስ ረፋድ ላይ መቱ ተገኝቷል። ሁለቱም ወረቀት ማኅተም አለው።

«ቆይ» አለች። ወደ በሩ ስንዝር ክፍተት ሄዳ ጮኸች። «ጋሼ ገዛኸኝ!»

ጋሼ ገዛኸኝ ዕድሜያቸውን ፍርድ ቤት መዝገብ ቤት የጨረሱ፣ አሁን ጡረታ ላይ ያሉ የሰፈሩ ዕድር ጸሐፊ ናቸው። ማኅበሩ ሲቋቋም ስም መጥራቱንና ማኅተም መያዙን ለሳቸው የሰጠችው ዱሬቲ ናት። የሰፈሩን ሰው ሁሉ ያውቃሉ፤ ድምፃቸውም ያለ ማይክራፎን ሦስት ግቢ ይሻገራል። ከዘራቸውን በር ላይ አስደግፈው ገቡ።

«ሐሙስ ሰባት ቁጥር መጥቷል?» አለቻቸው።

«መጥቷል። ራሴ ጠራሁት፣ አቤት አለ፣ ምልክት አደረግሁ።»

«ጅራታ ቡሬ ነበርኩ ይላል።»

«አዎ፣ ቡሬ ነበር።»

«ታዲያ አቤት ያለው ማነው?»

«ሰባት ቁጥር።»

«ጋሼ፣ ሰባት ቁጥር እኮ እሱ ነው! እሱ ደግሞ ቡሬ ነበር አሉኝ።»

«አዬ ልጄ» አሉ፣ ለሕፃን እንደሚያስረዳ ሰው ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «ቤቱ ነዋ አቤት ያለው። እናቱ መጥተዋል። ማንም ይምጣ ማን፣ የነጅራታ ቤት አልቀረም። ቀረ ብዬ ልጻፍበት እንዴ?»

ዱሬቲ ጆሮዋ ሲግል ተሰማት። ሳታውቀው አንድ ነገር አምልጧት እንደነበር ሲገባት ጆሮዋ ይግላል።

ጋሼ ገዛኸኝ ግን ግራ የተጋባችው ለምን እንደሆነ አልገባቸውም። ዕድር እንዴት እንደሚሠራ ነገሯት። ሰው ሲሞት ለጉድጓድ፣ ለድንኳን፣ ለውኃ፣ ከየቤቱ አንድ ሰው ይፈለጋል። የሚጠራው የአባወራው ስም ነው። አቤት የሚለው አባወራው ሊሆን ይችላል፣ ሚስቱ፣ ልጁ፣ ከገጠር የመጣ የእህቱ ልጅ። ማን ነህ ተብሎ አይጠየቅም። ቤቱ ሰው አወጣ፣ አበቃ። የገጠሩ ደቦም እንዲሁ ነው። ሰው ይታመማል፣ መንገድ ይሄዳል፣ ይሞታል፤ ቤት ግን አይቀርም።

«ይኼ ግን ዕድር አይደለም!»

«ስሙን ሁሉ ከዕድሩ መዝገብ አይደል የገለበጥሽው?»

እውነት ነው። ራሷ ኮምፒዩተር ላይ ገልብጣዋለች። አርባ ስምንት ቤት፣ አርባ ስምንት ሰደርያ፣ በየሰፈሩ አሥራ ሁለት። ስትገለብጥ አርባ ስምንት ሰው የመዘገበች መስሏት ነበር።

በዚህ መሐል በሩ እንደገና ተገፋ። እትዬ ጥሩአየሁ፣ የጅራታ እናት፣ በአንድ እጃቸው የራሰ ጃንጥላ፣ በሌላው ታጥቦ፣ ተተኩሶ፣ በአራት የታጠፈ ብርቱካናማ ሰደርያ ይዘው ገቡ። ከኋላቸው የጅራታ ሚስት ኢሊሊ የባሏን የመንገድ ሻንጣ አንጠልጥላለች። ልጃቸውን ሊሸኙ መምጣታቸው ነው።

«ተፈረመልህ?» አሉ እትዬ ጥሩአየሁ።

«እማዬ፣ ቁጭ በይ እስቲ።»

«ምን እቀመጣለሁ፣ ስንቅህን ገና አልቋጠርኩም። ዱሬቲ ልጄ፣ ይኸውልሽ ሰደርያው። ደም ነክቶት ነበር፣ በሎሚ አስለቀቅሁት።»

ዱሬቲ ሰደርያውን ተቀበለች። ሰባት ቁጥሩ ቁልጭ ብሎ ይታያል። «እትዬ፣ ሐሙስ ጋሼ አሰፋን ያነሡት እርስዎ ነዎት?»

«እኔ ነኛ! ወንዶቹ ድንጋይ ድንጋዩን ሲሉ እኔ በብብታቸው ገባሁ። ወፍራም ናቸው እኮ። ግን ሰው ወድቆ እያየሁ!»

«እግራቸው መሰበሩን አላዩም?»

«አየሁ እንጂ። ለዚህ አይደል ያነሣኋቸው? እግሩ ደህና የሆነማ በራሱ ይነሣል።»

ጋሼ ገዛኸኝ ራሳቸውን በአዎንታ ነቀነቁ። ዱሬቲ ሰደርያውን እትዬ ጥሩአየሁ ፊት ጠረጴዛው ላይ አኖረች።

«ሥልጠናው ላይ የተነገረው…»

«ሥልጠናውማ ነበርኩ!» አሉ እትዬ ጥሩአየሁ፣ ቅር ብሏቸው። «ሦስተኛው ቀን። አንቺ ራስሽ አይደለሽ ያስተማርሽን?»

ሦስተኛው ቀን። ዱሬቲ ትዝ አላት። ያን ዕለት አዳራሹ ፊት ቆማ ሰዉን ስታይ ፊቶቹ ሁሉ አዲስ ሆነውባት ነበር። ግን ቀድሞም ሰው የማስታወስ ችሎታዋ ደካማ ነው፤ ዩኒቨርሲቲ እያለች የክፍሏን ልጆች ስም ለመያዝ ሁለት ሴሚስተር ፈጅቶባታል። ስለዚህ ጥፋቱን በራሷ አደረገች፤ ስማቸውን መጠየቅም ነውር መሰላት። ሁለተኛውን ቀን ደግሞ ከሆስፒታል የመጣች ነርስ ናት ያስተማረችው፤ ዱሬቲ አልነበረችም።

«የመጀመሪያውን ቀን ማን መጣ?»

«እኔ» አለ ጅራታ። «ደም ማቆም።»

«ሁለተኛውን?»

 ኢሊሊ ሻንጣውን ከአንድ እጇ ወደ ሌላው አዛወረች። «እኔ ነኝ። እሱ ሲሚንቶ ሊያራግፍ ሄዶ ነበር።»

«አጥንት አንቺ ነሽ የተማርሽው?»

«አዎ።»

«ሐሙስ የት ነበርሽ?»

«እዚያው።»

«እዚያው የት?»

«ጋሼ አሰፋ ጓሮ።» ኢሊሊ መሬት መሬት እያየች ነው የምታወራው። «ከእትዬ ጋር ነው የሄድኩት። እግራቸው ሲታጠፍ አየሁና ‹እንዳታነሡ፣ መጀመሪያ ይታሰር› ብዬ ገባሁ። ከዚያ…» አማቷን ሰረቅ አድርጋ አየች።

«ከዚያ መለስኳት» አሉ እትዬ ጥሩአየሁ፣ ምንም ሳይጨንቃቸው። «ሰደርያ የላትማ። ያስተማርሽንን ረሳሽው? ‹ሰደርያ የሌለው፣ ወደ ኋላ!›»

ዱሬቲ አልረሳችውም። ሦስተኛው ቀን ትምህርቱ ሕዝብ መቆጣጠር ነበር። አደጋ በደረሰ ቁጥር ወሬ ሊያይ የመጣው ሰው ታማሚውን እንዳይረግጠው ያንን አንድ ዓረፍተ ነገር አርባ ስምንቱንም አስቁማ ሦስት ጊዜ አስጩኻቸዋለች። የአዳራሹ ቆርቆሮ አስተጋብቶ ነበር። ከሁሉ አስበልጠው የጮኹ አንዲት ሴትዮ እንደነበሩም አሁን ትዝ አሏት፤ አጨብጭባላቸው ነበር።

የሠለጠነችው ሰው እዚያው ቆማ ነበር። የመለሳት ደግሞ ሥልጠናው ነው። ዱሬቲ ይህን ሁለት ጊዜ አሰበችው፤ ሁለቱንም ጊዜ ስህተት የቱ ጋ እንደሆነ ጠፋባት።

«ጋሼ» አለች፣ «ሦስቱንም ቀን ራሱ የመጣ ሰው አለ?»

ጋሼ ገዛኸኝ ከኮታቸው ኪስ ጥግ ጥጉ የተላጠ ደብተር አወጡ። በየስሙ ትይዩ በቀጭን ጽሕፈት ‹ልጁ›፣ ‹ሚስቱ›፣ ‹እህቱ›፣ ‹ተከራይዋ› የሚል ተጽፏል። በየቀኑ፣ በየሰዉ።

«ይኼን ጽፈውት ነበር?»

«የመዝገብ ቤት ሰው ነኝ፣ ልጄ።»

«ታዲያ ለምን አልነገሩኝም?»

«ቅጽሽ ላይ ቦታ የለውም። የመጣ፣ ያልመጣ ብቻ ነው የሚለው።» ጣታቸውን በምራቃቸው አርሰው ገጹን ገለጡ። «ሦስቱንም ቀን ራሳቸው የመጡ… ሁለት ናቸው። አንዷ ሻሽቱ ናት። ባሏ ከሞተ ወዲህ የምትልከው ሰው የላትም። አንዱ ፋኦል ነው። እሱም ብቸኛ ነበር።»

«ነበር?»

«ባለፈው ወር አገባ።»

ኢሊሊ ከንፈሯን ነክሳ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች። ሌላ ማንም አልሳቀም።

«እንደምትዪው በስም ብቻ ብንጠራ» አሉ ጋሼ ገዛኸኝ ደብተሩን እየዘጉ፣ «ሐሙስ ስንት ሰው ይመጣ ነበር? ሦስት። ቆጥሬዋለሁ። ሦስት ሰው ያንን ድንጋይ አያነሣም። አሰፋ እዚያው ያልቅ ነበር።»

ይህም እውነት ነው። ዱሬቲን ያስጨነቃት ነገሩ ሁሉ እውነት መሆኑ ነው። ከመካከላቸው የዋሸ ሰው የለም፤ የሰነፈም የለም። የሚቆጣ ሰው ያለ ጥፋተኛ እንዴት ይቆጣል?

ጅራታ የግድግዳውን ሰዓት አየ። አምስት ሊሆን ነው። «እንግዲህ ነገሩ ግልጽ ሆነ» አለ ለስለስ ብሎ። «እኔ አልነበርኩም። ስሜ ነጻ ነው። ፈርሚልኝና ልሂድ።»

ዱሬቲ ተነሥታ ከጥጉ የዕርዳታ መስጫ ሣጥኑን አመጣች። ሁለት ልሙጥ እንጨትና ሦስት ጥቅል ፋሻ አውጥታ ጠረጴዛው ላይ አኖረች።

«ጋሼ፣ እግርዎን ወንበሩ ላይ ይዘርጉልኝ። ጅራታ፣ የጋሼ ቅልጥም ተሰብሯል። እሰርላቸው።»

«አሁን?»

«አምቡላንስ ውስጥ ብትሆን መቼ ልታስር ነበር?»

ጅራታ ተንበረከከ። እጁ የሠራተኛ እጅ ነው። አንዱን እንጨት አነሣ፣ አየው፣ አስቀመጠው። ፋሻውን ፈታና ተሰበረ በተባለው ቦታ ላይ፣ ልክ እዚያው ላይ፣ ደጋግሞ ጠምጥሞ ጥፍር አድርጎ አሰረው።

«ኧረ ደሜን አቆምከው!» አሉ ጋሼ ገዛኸኝ።

«ደም ማቆም ነው የተማርኩት» አለ ጅራታ።

ኢሊሊ ሻንጣውን መሬት አስቀመጠች። ማንም ሳይጠራት መጥታ ባሏን በትከሻዋ ገፋ አደረገችው። «ተው፣ ልቀቅ። እንዲህ አይደለም።» ቋጠሮውን ፈታች። ነጠላዋን ከትከሻዋ አውርዳ አጣጥፋ ከእንጨቱና ከእግሩ መሐል አደረገች። ሁለቱንም እንጨት ከጉልበት በላይና ከቁርጭምጭሚት በታች አሳልፋ በግራና በቀኝ ገጠመቻቸው፤ ከላይ አሰረች፣ ከታች አሰረች፣ የተሰበረውን ቦታ ግን አልነካችውም። ከዚያ የጋሼን ካልሲ ገለጥ አድርጋ አውራ ጣታቸውን ጫን አለች።

«ጣትዎን ያንቀሳቅሱ እስቲ። ይሰማዎታል?»

«ይሰማኛል። ቀዝቃዛ እጅ ነው ያለሽ።»

ጋሼ ገዛኸኝ ጉልበታቸውን ሊያጥፉ ሞከሩ። አልታጠፈም። «ድንቅ ነው» አሉ። «ግንድ አደረገችኝ።»

ያን ጊዜ የዱሬቲ ስልክ ጮኸ። ጅማ አባቷን የምታስታምመው የጋሼ አሰፋ ልጅ፣ ኑኃሚን ናት። ዱሬቲ «እሺ» አለች፤ ቆየችና እንደገና «እሺ» አለች። «ማን?» አለች። «እሺ፣ እነግራቸዋለሁ።» ስልኩን ዘጋች።

«ምን አሉ?» አሉ እትዬ ጥሩአየሁ።

«ዛሬ ጠዋት ከጉልበታቸው በታች ቆረጡት።»

«ምኑን?»

«እግራቸውን፣ እትዬ።»

እትዬ ጥሩአየሁ ልጃቸው ቅድም ቁጭ በይ ያላቸው ወንበር ላይ ቁጭ አሉ። ጃንጥላቸው ወለሉ ላይ ውኃ ያንጠባጥባል።

«ነቅተዋል» አለች ዱሬቲ፣ መናገር ስላለባት ብቻ። «ያነሡኝን ሰዎች አመስግኑልኝ ብለዋል። እርስዎን በስም ጠርተው። ‹ጥሩአየሁ ባትደርስልኝ› ብለዋል።»

«ባላነሣቸው ኖሮ ይተርፍ ነበር?»

«ታስሮ ቢሆን ምናልባት።»

«ምናልባት?»

«አላውቅም። እውነቴን ነው፣ አላውቅም።»

 አንድ ሰው በበሩ ክፍተት አንገቱን አስገባ፣ የጋሼ ገዛኸኝን የታሰረ እግር አየ፣ «ማል ታኤ?» ብሎ ምን እንደሆነ ጠየቀና ሄደ።

ጅራታ ቅጹን በሁለት ጣቱ ወደ ዱሬቲ ገፋ አደረገው።

«ፈርሚለት» አሉ እናቱ። ድምፃቸው ደክሟል። «ጥፋቱ የኔ ነው፤ የሱ አይደለም።»

«ጥፋቱ የማን እንደሆነ ቅጹ አይጠይቅም። የሚጠይቀው ሦስቱን ቀን ተገኝቷል ወይ ነው።»

«ቤቱ ሦስት ቀን ሞልቷል» አሉ ጋሼ ገዛኸኝ። «ደም እሱ ያውቃል፣ አጥንት እሷ ታውቃለች፣ ሰው መበተን እሳቸው ያውቃሉ። ምን ጎደለ?»

«አምቡላንሱ ውስጥ ሦስቱም ናቸው የሚሳፈሩት?»

«ማኅተሙ እኔ ጋ ነው፤ እኔ…»

«ፊርማው ደግሞ እኔ ጋ ነው፣ ጋሼ።»

«ስምንት ሰዓት ድረስ ሦስት ሰዓት አለ» አለች ኢሊሊ በድንገት። «እኔ አስተምረዋለሁ። እዚሁ፣ አንቺ እያየሽ።»

የዱሬቲ እጅ ወደ እስክሪብቶው ሄደ። ሄዶም ነካው። ለምን አይሆንም? ልጁ ብልህ ነው፣ እጁ ቀና ነው። ግን ቅልጥም አንድ አጥንት ነው። አንገት አለ፣ ወገብ አለ፣ ዳሌ አለ፤ ነርሷ ይህን ለማስተማር ከጠዋት እስከ ማታ ፈጅቶባታል። ‹ሦስቱን ቀን በአካል ተገኝቷል› ብላ ብትፈርምስ በጋሼ ገዛኸኝ ወረቀት ላይ ከሰፈረው ከሰባት ቁጥር ምልክት በምን ይለያል?

«ወገብ በሦስት ሰዓት ታስተምሪዋለሽ?» አለቻት።

ኢሊሊ የተረፈውን ፋሻ መጠቅለል ጀመረች።

«ሰኞ ሥልጠናውን እንደ አዲስ እንጀምራለን» አለች ዱሬቲ። «የተመዘገበው ሰው ራሱ ይመጣል፤ ፎቶ ይነሣል። አንተም ናና ጨርስ። ረቡዕ እፈርምልሃለሁ።»

«ረቡዕ ተጠባባቂው ገብቷል።»

«አውቃለሁ።»

«እሱስ ማሰር ይችላል?»

  «አላውቅም» አለች። በአንድ ጠዋት ይህን ቃል ይህን ያህል ጊዜ ብላ አታውቅም።

ጅራታ ለትንሽ ጊዜ አተኩሮ አያት። የተቆጣ አይመስልም፤ ሒሳብ የሚያሰላ ይመስላል። «ሐሙስ እዚህ ብሆን ኖሮ» አለ፣ «እኔም አነሣቸው ነበር አይደል?»

«አዎ። ታነሣቸው ነበር።»

«ሰደርያ ስለለበስኩ ደግሞ እሷን እኔም እመልሳት ነበር።»

«ትመልሳት ነበር።»

ደብዳቤውንና ያልተፈረመውን ቅጽ አንድ ላይ አጥፎ ደረት ኪሱ ውስጥ ከተተ። ሻንጣውን ከወለሉ አነሣ። ኢሊሊ እጀታውን ያዘችው፤ ለአንድ አፍታ ሁለቱም ያዙት፤ ከዚያ ለቀቀችለት።

«እኔን የሚፈታኝ የለም?» አሉ ጋሼ ገዛኸኝ፣ እግራቸው ወንበሩ ላይ እንደተገተረ። የተንቀሳቀሰ የለም።

ጅራታ በሩ ጋ ሲደርስ ዞር አለ። «እማዬ፣ ሰደርያውን ለኢሊሊ ስጫት።»

ወጣ። ወደ መናኸሪያው ይሁን ወደ ቤቱ፣ ከሄደበት ፊርማ አልባውን ቅጽ ያቅርብ ይቅደደው፣ ዱሬቲ ከፊቱ ልታነብ ሞክራ አልቻለችም። ከውጭ እጀታውን ይዞ በሩን ሽቅብ ሲያነሣው፣ በትከሻው ሲገፋው፣ እንጨቱ ሲጮህ ተሰማ፤ ከዚያ ከሰኔ ወዲህ ገጥሞ የማያውቀው በር ግጥም ብሎ ተዘጋ።